የጉልበት ድጋፍ መሣሪያዎች ለታካሚው እንዲመቹ ምን ማድረግ ይገባል?

የጉልበት ኦስቲኦአርትራይተስ በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ ሕመምንና ለመታጠፍ መቸገርን የሚያስከትል የጤና ችግር ነው። ከአካል እንቅስቃሴ፣ ክብደትን ከመቀነስና ከመድኃኒት ጎን ለጎን የጉልበት ማሰሪያና ከዘራ ሕመሙን ለማስታገስ ሊረዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ማሰሪያ የሚጠቅመው ሲታሰር ብቻ ነው። የሚቆረቁር፣ የሚያሳክክ ወይም ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ታካሚው አውልቆ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ምቾት የሕክምናው አንድ አካል ነው።

የማሰሪያ ዓይነትና ልክ
ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራው ማሰሪያ ጉልበትን ያሞቃል፤ የመደገፍ ስሜትም ይሰጣል። ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ደግሞ ጫናውን ከተጎዳው የጉልበት ጎን ወደ ሌላኛው ያሸጋግራል። ይህን ዓይነቱን ማሰሪያ ባለሙያ የጭን፣ የጉልበትና የባት ዙሪያን ለክቶ ሊያስተካክለው ይገባል።

የአጠቃቀም ጥንቃቄ
በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ብቻ ይጠቀሙ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ባለሙያ ካላዘዘ በስተቀር አስረውት አይተኙ። በበርጩማ ሲቀመጡ ወይም ሲሰግዱ ቋንጃ ላይ ተሸብሽቦ ሊቆርጥዎ ስለሚችል አስቀድመው ያላሉት። ባወለቁት ቁጥር ቆዳዎን ይመልከቱ፤ መቅላቱ ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ወይም ቁስል ካዩ ባለሙያ ያማክሩ። የስኳር ሕመም ወይም የእግር ደም ዝውውር ችግር ያለባቸው ሰዎች ማሰሪያ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ከዘራ
ከዘራ የሚያዘው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ወደ ታች ሲለቁት የከዘራው መያዣ ከእጅ አንጓዎ ጋር እኩል መሆን አለበት። የጫፉ ጎማ ካለቀ በተለይ በክረምት ጭቃ ስለሚያንሸራትት በወቅቱ ያስቀይሩት።

አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?
እግርዎ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ያውልቁ፤ ለውጡ ካልተመለሰ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ባትዎ ካበጠና ካመመዎት፣ በተለይም የትንፋሽ ማጠር ከተከተለ፣ ሳይዘገዩ የድንገተኛ ሕክምና ያግኙ።

ማሰሪያው ካልተመችዎ ዝም ብለው አይታገሡ፤ አውልቀውም አይተዉት። በቀጠሮዎ ቀን ይዘውት ይምጡና የት ቦታ እንደሚቆረቁርዎ ለባለሙያው ያሳዩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ማሰሪያውን በማስተካከል ወይም በሌላ ልክ በመለወጥ ይፈታል።