አንድ ገመድ፣ ሁለት አንቴናዎች

ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ ካለ ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር ብንፈልግ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ከነትከሻዎቹ ይጋርደናል። ሞባይል ስልክ ይህን እንቅፋት የሚያልፈው በየከፍታው በተተከሉ ማማዎች ነው። ማማዎቹ ኃይል ሲያጡ ግን ሕመምተኛን ወይም አደጋን ለማሳወቅ ሌላ መንገድ ያሻል። ይህም መንገድ አጭር ሞገድ ነው፤ ወደ ላይ ተልኮ፣ ከአዮኖስፌር ተመልሶ፣ ከተራራው ወዲያ ማዶ ይወርዳል።

ይሁን እንጂ አዮኖስፌር ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም። ቀን የ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገድ ይመለሳል፤ የ3.6 ሜጋኸርዝ ግን በታችኛው ንብርብር በእጅጉ ይዋጣል። ሌሊት በአንጻሩ የ7ቱ ወደ ሕዋ ሊያመልጥ ስለሚችል የ3.6ቱ ተመራጭ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት አንቴናዎች ያስፈልጉናል። ታዲያ ሁለት ገመድ መዘርጋት ግድ ነውን? አይደለም።

መሐሉ ላይ ከገመድ ጋር የሚገናኝ የግማሽ ሞገድ አንቴና (ዳይፖል) ርዝመት በሜትር፣ 143 ለድግግሞሹ በሜጋኸርዝ ሲካፈል ይገኛል። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር፣ ለ3.6 ደግሞ 40 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱንም ከአንዱ ኮአክሲያል ገመድ ጫፍ ጋር እናያይዛቸው። ኃይሉ የቱን እንደሚመርጥ በምን ያውቃል?

ክራር አጠገብ ስናዜም ከድምፃችን ጋር የተቃኘው ክር ብቻ ጎላ ብሎ ይርገበገባል። አንቴናም እንዲሁ ነው። በ7.1 ሜጋኸርዝ የ20 ሜትሩ ሽቦ ወደ 70 ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ ያሳያል። የ40 ሜትሩ በዚህ ድግግሞሽ ሙሉ ሞገድ ስለሚሆን መሐሉ ላይ ተቃውሞው ብዙ ሺህ ኦም ሊደርስ ይችላል። 3000 ኦም ነው ብንል እንኳ፣ ከጅረቱ 98 በመቶ ያህሉ በ20 ሜትሩ በኩል ያልፋል። በ3.6 ሜጋኸርዝ ደግሞ የ20 ሜትሩ ሽቦ እጅግ አጭር በመሆኑ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ጅረቱን ያግዳል፤ ጅረቱም ወደ 40 ሜትሩ ያመራል። እንግዲህ መራጩ ገመዱ ሳይሆን የሽቦው ርዝመት ነው።

በተግባር ሽቦዎቹ አንዱ በሌላው ቅኝት ላይ ተጽዕኖ ያሳድራሉ። ስለዚህ ጫፎቻቸውን አራርቆ መወጠር፣ በመጀመሪያ ረዘም አድርጎ ቆርጦ እየለኩ ማሳጠር ያሻል። በሞባይል ማማዎች ላይ የ900ና የ1800 ሜጋኸርዝ ሞገዶች አንድ ገመድ ሲጋሩ፣ የሚለያያቸው ዳይፕሌክሰር የተባለ ማጣሪያ ነው። በእኛ ምሳሌ ግን ሽቦዎቹ ራሳቸው የማጣሪያውን ሥራ ይሠራሉ።

በመጨረሻም፣ ሬዲዮ ለማሰራጨት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የደጋው ነጎድጓድ ሲቃረብም ገመዱን አስቀድሞ መንቀል እንደሚገባ እናሳስባለን።