በቶንና በኪሎ ሜትር የሚከፈል መንገድ

ስዊዘርላንድ ውስጥ የምነዳው ባለ ተሳቢ መኪና የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 40 ቶን ነው። ከባዝል ተነስቼ፣ በጎታርድ ተራራ አቋርጬ፣ ጣልያን ድንበር ላይ ኪያሶ ስደርስ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 በነበረው ታሪፍ፣ ጭሱ አነስተኛ የሆነ የናፍጣ መኪና ለአንድ ቶን በአንድ ኪሎ ሜትር 2.28 ራፐን ይከፍል ነበር፤ 100 ራፐን አንድ ፍራንክ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ 273 ፍራንክ ከ60 ይመጣል። ይህ የአንድ ጉዞ፣ ያውም የመሄጃው ብቻ ነው።

በቶንና በኪሎ ሜትር የማስከፈሉ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1985 አንስቶ፣ ባለ ከባድ መኪና በየዓመቱ የተቆረጠ ክፍያ ይከፍል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተራራ ሲያቋርጥ የከረመውና ሰፈር ውስጥ አሸዋ ያመላለሰው እኩል ይጠየቁ ነበር ማለት ነው። በ1998 ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥበት ተጠየቀ፤ 57 በመቶው አዲሱን ደንብ ደገፈ። አሁን ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ሁሉ፣ የውጭ ታርጋ ያለውም ጭምር፣ በሄደበት ልክ ይከፍላል። ኪሎ ሜትሩን የሚቆጥረው መኪናው ውስጥ የተገጠመ መሣሪያ ነው። ተሳቢ ስቀጥል ግን ማሳወቁ የእኔ የሾፌሩ ግዴታ ነው፤ ክብደቱ ሲጨምር ሂሳቡም ይጨምራልና።

አዲስ ሾፌሮችን የሚያናድዳቸው አንድ ነገር አለ። የሚታሰበው የጫንኩት ዕቃ ክብደት አይደለም፤ ሊብሬው ላይ የተፈቀደው ነው። ባዶዬን ብመለስም ሂሳቡ ያው ነው። እኔ ግን ይህ ልክ ነው እላለሁ። ባዶ መኪናም መንገድ ይይዛል፣ ያጨሳል፣ ያንኳኳል። ደግሞም ባዶ መመለስ ሲያስከፍል ጭነት የሚያከፋፍለው ሰው የመልስ ጭነት ሳይፈልግ አያድርም። የክብደት ጣሪያውም በ2001 ከ28 ቶን ወደ 34፣ በ2005 ደግሞ ወደ 40 ከፍ አለ፤ ያው ዕቃ በጥቂት ጉዞ እንዲያልቅ። በ2000 አልፕስን ያቋረጡት ከባድ መኪኖች 1.4 ሚሊዮን ነበሩ፤ ኋላ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረዱ። በሕግ የተቀመጠው ግብ 650,000 ስለሆነ ገና ብዙ ይቀራል።

ከባድ መኪና ለምን ተለይቶ ይከፍላል? በወጣትነቴ በጅቡቲ መስመር ረዳት ነበርኩ፤ ባሌስትራው እስኪተኛ ተጭኖ ሲኬድ አስፋልቱ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ መኪኖችን ለሙከራ በተሠራ መንገድ ላይ ቀን ከሌት እያመላለሱ የአስፋልቱን ጉዳት ለክተዋል። አንድ አክስል የተሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። የቤት መኪና ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ገንዘቡ የት እንደሚገባ መታወቁ ደግሞ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። አንድ ሦስተኛው ለካንቶኖች፣ ማለትም ለአገሪቱ ክልሎች፣ ይሰጣል፤ ከቀረው የፌዴራሉ ድርሻ አብዛኛው ለባቡር ሥራ ይውላል። በ2016 የተከፈተውን 57 ኪሎ ሜትር የጎታርድ የባቡር ዋሻ ከሠሩት ገንዘቦች አንዱ ከእኛ ጎማ የወጣ ነው። በዚያ ዋሻ የሚያልፈው ኮንቴይነር በእኛ መንገድ ላይ አይመጣም፤ ሥራዬን የሚቀንስ ቢሆንም ተራራው ሥር ላሉት መንደሮች ደስ ይለኛል።

ጀርመን በ2005 ስትጀምር የምታስከፍለው በአውቶባን፣ ማለትም በፈጣን መንገዶቿ፣ ላይ ብቻ ነበር። ክፍያውን ሽሽት ከአውቶባን ወጥቶ በየከተማው መሃል የሚያልፍ ከባድ መኪና ስለነበር ነዋሪው አማረረ፤ በ2018 ክፍያው ወደ ፌዴራል መንገዶች ሁሉ ሰፋ። ስዊዘርላንድ ከመጀመሪያው የትኛውንም መንገድ ስለምትቆጥር መሸሽ ትርፍ የለውም።

አገር ቤት ስሄድ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ክፍያው በመኪናው ዓይነትና በርቀቱ መሆኑን አይቼ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በዱከምና በቢሾፍቱ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ አጠገቡ ነው፤ እዚያ የሚጠይቅ የለም። የመወሰን ሥልጣን ቢኖረኝ ለከባድ መኪና በሁለቱም ላይ እንዲቆጠር አደርግ ነበር፤ ከአሮጌው የሚገኘውም እዚያው አስፋልቱን ለመጠገን ይዋል።