ስልኩን እንዘዘው እንጂ አይዘዘን

እስቲ ዛሬ ስለ ስልክ እንነጋገር።

ስልክ ጠላታችን አይደለም። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን ሥራ ሲጀምር ገጠሩ ገና አላየውም ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጎጆ ገብቷል። ገበሬው ገበያ ሳይወርድ የእህል ዋጋ ይጠይቅበታል። ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ ይጠራበታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ገንዘብ ይላክበታል።

ነገር ግን ስልክ እንደ እሳት ነው። እሳት ከምድጃው ሲሆን ወጥ ያበስላል። ከምድጃው ከወጣ ጎጆ ያቃጥላል።

እኛ አስተማሪዎች ይህን የተማርነው ከራሳችን ጥፋት ነው። አንድ ምሽት በትምህርት መካከል ስልካችን ጮኸ። «አንድ ጊዜ» ብለን ወጣን። ተነጋግረን ስንጨርስ ቪዲዮ መጣ፤ አየነው። ሌላ ተከተለ፤ እሱንም አየን። ስንመለስ ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ሄደዋል። ልጇን ያዘለች አንዲት እናት ግን ደብተሯን እንደ ዘረጋች ተቀምጣለች።

«ልጄን አዝዬ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ መጣሁ። ዛሬ ስሜን ልጽፍ ነበር። ስልኩ ከእኔ ይበልጣል እንዴ?» አለችን።

መልስ አጣን። አፈርን።

በማግስቱ አብረን ሒሳብ ሠራን። በቀን 1 ሰዓት በስልክ ብናጠፋ በዓመት 365 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ምሽት ትምህርታችን 2 ሰዓት ነው። 365 ለ2 ሲካፈል ከ182 ምሽት ይበልጣል። «ኧረ ይሄማ ሌባ ነው!» አሉ አንድ አዛውንት።

ለምን እንዲህ ይይዘናል? አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ስልኩ በራሱ ሌላ ያመጣል። ማብቂያ የለውም። መልእክት በመጣ ቁጥርም ይጮኻል፤ ልባችንን ከሥራው ይነጥቃል። አዲስ የተማርነው ፊደል ደግሞ ካልደጋገምነው ይጠፋል።

ስለዚህ ተመካክረን እንዲህ ወሰንን፦

1. በሩ አጠገብ ሰፌድ አኖርን። ስንገባ ስልካችንን እዚያ እናስቀምጣለን። መጀመሪያ የሚያስቀምጠው አስተማሪው ነው።
2. ዳታውን እንዘጋለን። መደወያው ግን ክፍት ነው። የቸገረው ሰው ደውሎ ያገኘናል፤ ካርዱም አይበላም።
3. ቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው የስልኩን ድምፅ አይዘጋም።
4. እራት ስንበላ ስልክ አንነካም። ከልጆቻችን ጋር እንጫወታለን።
5. ከመተኛታችን በፊት ስልክ በማየት ፈንታ አንድ ገጽ እናነባለን።

ያቺ እናት ዛሬ ስሟን ትጽፋለች። የልጇንም ስም ጀምራለች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛም ተባብረን ስልኩን ከቦታው እናስቀምጠው።

ለውይይት፦ ትናንት ማታ ስልክ ስንት ሰዓት ወሰደብን? በዚያ ሰዓት ምን መሥራት እንችል ነበር?