ልጆቻችንና ሂሳብ፦ ቤት ውስጥ የምንናገረው ቃል

በካኩማ ካምፕ 8ኛና 9ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ያሉን ወላጆች አንድ ነገር ልናስብበት ይገባል። በኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 9ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ከሦስት ዘርፎች አንዱን ይይዛል፦ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ሂሳብ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ፤ ወይም ኪነ ጥበብና ስፖርት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በዚህ መንገድ 10ኛ ክፍል የገቡት በ2026 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ምርጫው የሚጀመረው እቤት ነው። «ሂሳብ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» ስንል የሰማች ልጅ ገና ሳትፈተን ትተወዋለች። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ እሷ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች።

«እኛ ራሳችን ሳንማር ምን እናግዛቸዋለን?» የምንል ብዙ ነን። ማስረዳቱ ግን የአስተማሪ ሥራ ነው። በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የሂሳብና የሳይንስን ጥቅም የሚገልጽ ጽሑፍ ለወላጆች ተላከ። የእነዚህ ወላጆች ልጆች ጽሑፉ ካልደረሳቸው ይልቅ የአንድ ሴሚስተር ያህል ተጨማሪ የሂሳብና የሳይንስ ትምህርት ወሰዱ። ለልጆቹ ማንም አላስጠናቸውም፤ የተነገረው ለወላጆቹ ነው።

እኛም የምንችለው አለ። ሱቅ ያለን፣ የዕለቱን ትርፍና ኪሳራ ልጃችን ታስላልን። ክሊኒክ ስንሄድ የሕፃን መድኃኒት በክብደቱ እንደሚሰላ እንንገራት። ማታ አንድ ሰዓት ከሥራ እናሳርፋት፤ ውሃውን ወንዱም ይቅዳ። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብሎ መጠየቅ ሽልንግ አያስወጣም።