በድምፅ መስጫ ቀን ለዕጩ ወዳጅ ማስተባበር

የድምፅ መስጫ ቀን አስተባባሪ የሚባለው አንድ ዕጩ ወይም ፓርቲ በየምርጫ ጣቢያው የሚያስቀምጣቸውን ወኪሎች የሚያሰማራ፣ ቀኑን ሙሉ የሚከታተልና ማታ የቆጠራውን ውጤት ሰብስቦ የሚይዝ ሰው ነው። ትልልቅ ፓርቲዎች ለዚህ ሥራ ከላይ እስከ ቀበሌ የተዘረጋ መዋቅር አላቸው። የግል ዕጩና አቅሙ አነስተኛ የሆነ ፓርቲ ግን የሚተማመኑት በጓደኛ፣ በዘመድና በአብሮ አደግ ነው። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ብዙ ጊዜም ልምድ የላቸውም። ሥራው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅማቸው ለዚህ ነው።

ሥራው ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታኒያ የፓርቲ በጎ ፈቃደኞች ከምርጫ ጣቢያው ደጅ ቆመው የመራጩን የመዝገብ ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ወደ ማስተባበሪያው ቤት ይላካል፤ እዚያም ከደጋፊዎች መካከል እስካሁን ድምፅ ያልሰጡት ተለይተው ቤታቸው ድረስ እየተሄደ ይቀሰቀሳሉ። በኢትዮጵያ ሕግ ግን የምረጡኝ ዘመቻ ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት አራት ቀናት ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ቅስቀሳው ሰኔ 9 አብቅቶ ድምፅ የተሰጠው ሰኞ ሰኔ 14 ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ አስተባባሪ በዕለቱ ማንንም አያባብልም። ሥራው መታዘብ፣ መመዝገብና ማስረጃ መያዝ ነው።

መራጭን ከቤቱ አስወጥቶ ጣቢያ ማድረስ በኢትዮጵያም ታይቷል። ያኔ ገዥ ፓርቲ የነበረው ኢሕአዴግ በ2002 እና በ2007 ምርጫዎች አባላቱንና ደጋፊዎቹን በ“አንድ ለአምስት” አደራጅቶ፣ አንዱ የአምስቱን መምረጥ እንዲከታተል አድርጎ ነበር። አሠራሩ የመራጩን ነፃ ፈቃድ ይጫናል የሚል ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል። የበጎ ፈቃድ አስተባባሪም ከዚህ መማር ያለበት ነገር አለ፦ መራጭ ማንን እንደሚመርጥ ወይም እንደመረጠ መጠየቅ የእሱ ሥራ አይደለም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከስሌት ነው። አገሪቱ 547 የምርጫ ክልሎች አሏት፤ በ2002 ምርጫ የነበሩት ምርጫ ጣቢያዎች ደግሞ ከ43 ሺህ በላይ ነበሩ። ይህ ለአንድ የምርጫ ክልል በአማካይ 80 ያህል ጣቢያ ማለት ነው። ዕጩው በሁሉም ጣቢያ አንድ ወኪል ቢያስቀምጥ 80 ሰው ያስፈልገዋል፤ ታሞ ወይም ተቸግሮ ለሚቀረው ተጠባባቂ ሲጨመር ቁጥሩ ከመቶ ያልፋል። አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ድምፅ በመሆኑ አንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል። ወኪል የሌለበት ጣቢያ ዕጩው ዓይኑን የጨፈነበት ጣቢያ ነው።

ወኪሉ ለጣቢያው ቅርብ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። በከተማው መሃል ያለ ወኪል በእግሩ፣ በብስክሌት ወይም በባጃጅ ጣቢያው ይደርሳል። ከከተማው ዳርቻ ባለችው ሰባታሚትና በመሰሏት ቀበሌዎች ግን ገና ሳይነጋ ባጃጅ ማግኘት ያስቸግራል። በሐይቁ ላይ ወዳለው ደቅ ደሴት የሚወስደው ጀልባ ነው፤ ጀልባም የሚነሳው በራሱ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ እንደ 2013ቱ ምርጫው በሰኔ ከዋለ መንገዱ ጭቃ፣ ወሩም ገበሬው በእርሻ የሚወጠርበት ነው። የአካባቢው ነዋሪ የሆነ ወኪል ከመንገድ ችግር ይድናል፤ የቀበሌውን ሰው ስለሚያውቅም በሌላ ሰው ስም ሊመርጥ የመጣውን በቀላሉ ይለያል። ከሩቅ የሚመጣ ወኪል ካለ ዋዜማውን በአቅራቢያው ማደር አለበት።

ወኪል በወዳጅነት ብቻ ጣቢያ አይገባም። ስሙ ቀርቦ ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የወኪልነት መታወቂያ ሊያገኝ ይገባል። አስተባባሪው መታወቂያዎቹን ቀደም ብሎ ተረክቦ ለየሰዉ ማደል፣ የእያንዳንዱን ስልክ ቁጥርና ጣቢያ በአንድ መዝገብ መያዝ ይኖርበታል። ወኪሉ የፓርቲ ምልክት ያለበት ልብስ አይለብስም፤ ምሳውንና ውሃውን ይዞ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለምሳ ብሎ የወጣ ወኪል በሌለበት ለተፈጠረው ነገር ምስክር መሆን አይችልም።

ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ወኪሉ ከዚያ በፊት ደርሶ ኮሮጆው ባዶ መሆኑን በዓይኑ ማየት፣ የታሸገበትን ቁልፍ ቁጥርና የመጣውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት መጻፍ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚከታተለው የታወቀ ነው፦ የመራጩ ካርድ ከመዝገቡ ጋር መመሳከሩን፣ መራጩ መፈረሙን፣ ጣቱ ቀለም መነከሩን፣ ምልክት ሲያደርግ ብቻውን መሆኑን። ወኪል በሥራው ጣልቃ አይገባም፤ አስፈጻሚዎችን አያዝም። ስሕተት ካየ ለጣቢያው ኃላፊ ይናገራል፤ ካልታረመ አቤቱታውን በጽሑፍ ያስመዘግባል። አስተባባሪው በበኩሉ ጠዋት ሲከፈት፣ እኩለ ቀን ላይና ከመዘጋቱ በፊት ለሁሉም እየደወለ ያገኘውን በመዝገቡ ያሰፍራል።

ችግር በሚነሳበት ጊዜ የአስተባባሪው ፍጥነት ይፈተናል። ሰኔ 14 ቀን 2013 የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪሎች በአማራና በደቡብ ክልሎች ከጣቢያ እየተባረሩ መሆኑን በወቅቱ የቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያው ዕለት ለሕዝብ ተናግረው፣ ድርጊቱ የውጤቱን ተአማኒነት እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። ተቃዋሚው ፓርቲ ኢዜማ 207 አቤቱታዎች ማቅረቡን አስታውቋል። በዚያው ቀን ረጅም ሰልፍ በመኖሩና ድምፅ መስጠቱ በአንዳንድ ቦታ ዘግይቶ በመጀመሩ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጋ የነበረው ጣቢያ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲቆይ ቦርዱ ወሰነ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለሁሉም ወኪል ወዲያው ማድረስ የአስተባባሪው ፋንታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዓት ቆጠራው ነው። ወኪሉ ሲደክመው፣ መሸብኝ ብሎ ሲያስብ፣ እውነተኛው ሥራ ገና ይጀመራል። ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው። ያልተሠራባቸውና የተበላሹት ወረቀቶች ይቆጠራሉ፤ ኮሮጆው ተከፍቶ የወረቀቱ ብዛት ከፈረመው መራጭ ብዛት ጋር ይመሳከራል፤ ዋጋ ያለውና ዋጋ ያጣው ድምፅ ተለይቶ የየዕጩው ድምር ይጻፋል። ውጤቱ ተፈርሞ በጣቢያው ይለጠፋል። ወኪሉ የተለጠፈውን ቁጥር በትክክል ገልብጦ ለአስተባባሪው ያደርሳል። አስተባባሪው የሁሉንም ጣቢያ ደምሮ፣ በምርጫ ክልል ደረጃ ከሚገለጸው ጋር ያስተያያል። ልዩነት ካለ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደተፈጠረ ማሳየት የሚችለው ይህን መዝገብ የያዘ ብቻ ነው።

የመዝገቡን ዋጋ የ1997 ምርጫ አሳይቷል። ከግንቦት 7ቱ ድምፅ አሰጣጥ በኋላ ገዥውም ተቃዋሚውም ቅሬታ አቅርበው፣ ከተመረመረ በኋላ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ድምፅ ተሰጥቷል። በየጣቢያው የተጻፈ ነገር ሳይኖር “ኮሮጆ ተገለበጠ” ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የጣቢያ ስም፣ የምስክር ስምና የአቤቱታ ቅጽ ያለው ቅሬታ ግን ከጣቢያው ተነስቶ እስከ ቦርዱ፣ ከዚያም እስከ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ወዳጅነት በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ያለ ክፍያ ሌሊት የሚያስነሳው፣ ዝናብ የሚያስመታው እሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለወዳጅ መጥፎ ወሬ መንገር ስለሚከብድ፣ ቁጥር ማሳመርና ሽንፈትን ሁሉ የተንኮል ውጤት አድርጎ ማቅረብ ይመጣል። ዕጩው ያልተጭበረበረበትን ጣቢያ ተጭበረበረ ብሎ ቢያመለክት፣ በእውነት የተበደለበትን ጣቢያ አቤቱታ ጭምር ያረክሳል። በንጹሕ ቆጠራ የተሸነፈበትን ቅጽ ወኪሉ መፈረም አለበት። ስለዚህ ለወዳጁ ዕጩ ማስተባበር የሚፈልግ ሰው ከመቀበሉ በፊት ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ማታ የሚመጣውን ቁጥር፣ ቢከፋም ቢበጅም፣ እንዳለ ይዤ ልነግረው እችላለሁ ወይ? ይህን የማይችል ሌላ ሥራ ቢፈልግ ለዕጩውም ለመራጩም ይሻላል።