የማይጠፋው ምድጃ፦ ሜታቦሊዝምና የሰውነት ክብደት

ከዕረፍት ስንመለስ በግቢው በር ላይ የሚቀበለን ሰላምታ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ክብደታችን ነው። «አንተ፣ ምነው ከሳህ?» ይባላል አንዱ፤ «አንቺማ ተመችቶሻል፣ ወፍረሻል!» ትባላለች ሌላዋ። የከሳው «ብበላም አይታይብኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው» ሲል፣ የወፈረችው ደግሞ «እኔን እኮ ውኃም ያወፍረኛል» ትላለች። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? ይህን ለመረዳት ሜታቦሊዝም የተባለውን የሰውነት ሥራ ማወቅ ይኖርብናል።

ሜታቦሊዝም ማለት ሰውነት የበላነውን ምግብ ወደ ጉልበትና ሙቀት የሚለውጥበት፣ ያረጀውን የሚጠግንበት፣ የተረፈውንም የሚያከማችበት ጠቅላላ የኬሚካል ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ላቮዚዬ ከባልደረባው ከላፕላስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ እንስሳ በረዶ በከበበው ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ በሙቀቷ የቀለጠውን በረዶ ከትንፋሿ ከወጣው አየር ጋር አነጻጸረ። ከዚህም ተነሥቶ መተንፈስ ነበልባል የሌለው፣ ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ ሁላችንም በውስጣችን ምድጃ ይዘን እንዞራለን ማለት ነው።

ይህ ምድጃ ተኝተንም አይጠፋም። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ኩላሊት ያጣራል፣ አንጎል ይሠራል። ተቀምጦ የሚውል ሰው በቀን ከሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው ለዚህ ነው። ምግብ ለመፍጨት ከመቶ 10 ያህል ይወጣል፤ የቀረው ለእንቅስቃሴ ነው።

እስቲ ከራቤል የመጣ አንድ እጩ መምህር እንውሰድ። አገር ቤት ሳለ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ይወጣል፤ በግ ይመልሳል፤ ገበያ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በደልዳላ መንገድ አንድ ሰዓት ሲራመድ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ ዳገት ሲሆንማ ይጨምራል። እዚህ ግን ውሎው ወንበር ላይ ነው። በሶውና ቂጣው ሳይቀንስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ዘይት የጠጣ ምግብ ቢጨመርበት ትርፉ ወደ ስብ ይለወጣል። አንድ ግራም ስብ 9፣ አልኮል 7፣ ፕሮቲንና ስታርች ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣሉ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ የተቆለፈበት ጎተራ ነው። የልጁ ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውሎው ነው። «ዕድሜዬ ነው» ማለትም ብዙ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና ከ6,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሰውነት መጠን ተስተካክሎ ሲታይ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ቃጠሎው እምብዛም አይለዋወጥም።

ምግብ ሲጎድልስ? በደጋው ቤት እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍናሉ፤ ኩበት እንዳያልቅ፣ እሳቱም እንዳይሞት። ሰውነትም ልክ እንደዚሁ ያዳፍናል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኔሶታ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር ያህል ከወትሮው ወደ ግማሽ የተቀነሰ ምግብ ተሰጣቸው። ክብደታቸው ሩብ ያህል ቀነሰ፤ በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥሉት ጉልበት ደግሞ ከመቶ 40 ያህል ወረደ። ይበርዳቸው፣ ይደክማቸው፣ ሐሳባቸውን መሰብሰብም ያቅታቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜን ሸዋን ጭምር በመታ ጊዜ ወገኖቻችን ይህን ያዩት በፈቃዳቸው አልነበረም።

ምድጃውን የሚቆጣጠር ዕጢም አለ፤ ጉሮሮ ሥር የሚገኘው ታይሮይድ ነው። ይህ ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን በጎደለ ጊዜ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንኑ ነው። የዕጢው ሥራ ሲዳከም እሳቱ ይቀንሳል፤ ሰውየው ይበርደዋል፣ ይፈዛል፣ ክብደትም ሊጨምር ይችላል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ የአእምሮ ዕድገትን ይጎዳል። ዝናብ አፈሩን ባጠበበት ደጋ ችግሩ የቆየ ነው። በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የተደነገገው ስለዚህ ነው። ጨውን ከድነን ከፀሐይና ከእርጥበት እናርቅ፤ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው እንጨምር።

እንግዲህ ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ጓደኛችን ምግብ ጨርሶ በመተው አይድከም። ሰውነቱ እሳቱን ያዳፍናል፤ ርኃቡም ሲብስበት ያንኑ መልሶ ይበላዋል። ስኳሩን፣ ዘይቱንና መጠጡን ቀንሶ፣ ባቄላና ምስር ጨምሮ፣ በየቀኑ በእግሩ ይሂድ። ሳይበላ የሚከሳው ደግሞ «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ አይተወው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ የሙያችን ነው። አዋቂ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 20 ያህሉን አንጎል ብቻ ይወስዳል፤ በሕፃን ደግሞ ድርሻው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ፣ ቁር በበዛበት ጧት ዳገት ወጥቶ የመጣ፣ ኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያንጎላጅ ልጅ ማግኘታችን አይቀርም። «ሰነፍ» ለማለት አንቸኩል፤ ምናልባት እሳቱን አዳፍኖ ይሆናል። ጓደኞቹ ሳይሰሙ ጠጋ ብለን «ዛሬ ምን በላህ?» እንበለው። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ ነው።