የማይቆመው ገመድ፦ የዲዝኒ ጎንዶላ ለማን ይመቻል፣ ማንን ያማርራል?

ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በኤፕኮት ፓርክ ርችቱ አልቆ ሕዝቡ ወደ መውጫው ይጎርፋል። ልጅ በጋሪ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለ ወላጅ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ሕፃኑ እንቅልፍ የወሰደው ገና አሁን ነው። ወደ ሆቴል የሚመለሱት በአውቶቡስ ከሆነ ልጁን አንስቶ ማቀፍ፣ ጋሪውን ማጣጠፍ፣ ቦርሳውን በትከሻ አንግቶ መሳፈር ግድ ነው። ልጁ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወላጅ ይናገረው። በሌላኛው በር የወጣው ቤተሰብ ግን ጋሪውን እንዳለ እየገፋ መስኮት በመስኮት የሆነች ትንሽ ክፍል ውስጥ ይገባል። በሩ ይዘጋል፤ ክፍሏም ከመሬት ትነሳለች። ልጁ ሆቴል የሚደርሰው እንደተኛ ነው።

ይህች ክፍል ጎንዶላ ትባላለች። ስሙን ሲሰማ የቬኒስ ጀልባ ትዝ የሚለው አንባቢ አይጠፋም፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ይኼኛው በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ በአየር ላይ የሚሄድ፣ ብዙዎቻችን ኬብል ካር የምንለው ዓይነት ነው። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው የመዝናኛ ሪዞርት ስካይላይነር ብሎ የሰየመውን ይህን አገልግሎት የከፈተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 ነው። የገነባው ዶፔልማየር የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙ የታወቀው በበረዶ ተራሮች ላይ የበረዶ ሸርታቴ ተጫዋቾችን በሚያወጡ ገመዶች ነው። መስመሮቹ ሦስት፣ ካቢኖቹ 300 ገደማ ናቸው፤ አንዱ ካቢን እስከ 10 ሰው ይይዛል። ለመሳፈር ቲኬት አይጠየቅም፤ ነፃ ነው።

ለመሆኑ ገመድ ለምን አስፈለገ? ቦታው ሰፊ ነዋ። ሪዞርቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በውስጡ አራት ትልልቅ ፓርኮችና በርካታ ሆቴሎች አሉ። ከሆቴል ወደ ፓርክ የሚያደርሰው ዋናው መጓጓዣ ለረጅም ዘመን አውቶቡስ ነበር፤ አሁንም ብዙውን ሰው የሚያመላልሰው እሱ ነው።

የጎንዶላውን ጥቅምም ጉዳትም ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። ካቢኑ የራሱ ሞተር የለውም። ሞተሩ ያለው ጣቢያው ላይ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይህ ሞተር ዙሪያውን የተገጠመውን የብረት ገመድ ያለማቋረጥ ያሽከረክራል። ካቢኑ ከላይ ባለው መቆንጠጫ ገመዱን ነክሶ ይዞ ይጓዛል። ጣቢያ ሲደርስ መቆንጠጫው ይከፈትና ካቢኑ ከገመዱ ይላቀቃል፤ ከላይ የተደረደሩ ትንንሽ ጎማዎች እየገፉት ቀስ ብሎ፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ይዞራል። ሰው ወርዶ ሌላው ሲሳፈር ጎማዎቹ ካቢኑን መልሰው ያፈጥኑትና ገመዱን እንደገና ይነክሳል። በዚህ ሁሉ መሐል ገመዱ ራሱ ፍጥነቱን አይቀንስም።

ትልቁ ጥቅም የሚመነጨውም ከዚህ ነው። እስቲ እናስላው። 10 ሰው የሚይዝ ካቢን በየ12 ሰከንዱ ይመጣል እንበል። በደቂቃ አምስት ካቢን ማለት ነው፤ ሁሉም ከሞሉ በደቂቃ 50፣ በሰዓት 3,000 ሰው ይነሳል። 60 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ በየ15 ደቂቃው ቢመጣ ግን በሰዓት 240 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የጎንዶላ ሰልፍ ረጅም ሆኖ ሲታይ አያስደንግጥ። የአውቶቡስ ሰልፍ ተገትሮ ይቆያል፤ የጎንዶላው እየተራመደ ነው። ለመቆም ትዕግሥት ያጣ ሕፃን ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጎንዶላው ሲነሳ ብዙዎች የሚያወሩት ስለ እይታው ነው። እርግጥ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ሆኖ ሐይቁን ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ከእይታው ይልቅ መስመሩ የተዘረጋበትን ቦታ አደንቃለሁ። ከ1971 ጀምሮ የሚሠራው ሞኖሬል፣ ማለትም በአንድ ሐዲድ ከፍ ብሎ የሚሄደው ባቡር፣ በራቸው ድረስ የሚያደርሰው እጅግ ውድ የሆኑትን ሆቴሎች ነው። ስካይላይነር በበኩሉ ፖፕ ሴንቸሪንና አርት ኦፍ አኒሜሽንን፣ ሪዞርቱ ራሱ በዝቅተኛ የዋጋ ደረጃ ከሚመድባቸው ሆቴሎች ሁለቱን፣ በሐይቅ ዳር ባለ አንድ ጣቢያ ያገለግላል። በአነስተኛ ዋጋ ያረፈ ቤተሰብ ከአውቶቡስ ሌላ ምርጫ አገኘ ማለት ነው። በዋጋ መካከለኛ የሆነው ካሪቢያን ቢችና ውዱ ሪቪዬራም በመስመሩ ላይ ናቸው።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰውም ምቹ ነው። በአብዛኞቹ ጣቢያዎች ካቢኑ ከዋናው ዑደት ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት የተለየ መሳፈሪያ አለ። አያትን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው፤ በእግራቸው የሚሄዱም ቢሆኑ በሚንቀሳቀስ ካቢን ውስጥ መግባት ካስፈራቸው በር ላይ ላለው ሠራተኛ መናገር በቂ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። ችግሩም ከዚያው ገመድ ነው። አንድ አውቶቡስ ቢበላሽ የሚቆመው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። ገመድ ከቆመ ግን በመስመሩ ያለው ካቢን ሁሉ ባለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ለደቂቃ ለሁለት ደቂቃ ነው፤ ምናልባት አንድ መንገደኛ ሲሳፈር ዘግይቶ ይሆናል። አገልግሎቱ በተከፈተ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2019 ምሽት፣ የደረሰው ግን እንዲህ አልነበረም። በኤፕኮት መስመር ላይ ካቢኖች ጣቢያ ውስጥ እርስ በርስ ተደራርበው መስመሩ ቆመ። አንዳንድ መንገደኞች ሦስት ሰዓት ያህል አየር ላይ ቆዩ፤ ጥቂቶቹን ያወረዷቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። አገልግሎቱ ከሳምንት በላይ ተዘግቶ ሰነበተና ኦክቶበር 14 እንደገና ተከፈተ።

ሌላው ችግር ሰማዩ ነው። ፍሎሪዳ መብረቅ ከሚበዛባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። በበጋቸው፣ በተለይ በጁላይና በኦገስት፣ ጠዋቱ ጠርቶ ውሎ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይደምናል፤ ነጎድጓድ ይከተላል፤ ከዚያ ዶፉ ይወርዳል። የአዲስ አበባን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ሰዓቱ አይገርመውም፤ የሚገርመው ሙቀቱ ነው። መብረቅ ሲቃረብ ወይም ነፋሱ ሲያይል ጎንዶላው ሰው መጫን ያቆማል፤ መንገደኛው በአውቶቡስ እንዲሄድ ይደረጋል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያነሳ አውቶቡስ ከየት ይመጣል? ከላይ ያሰላነውን ማስታወስ ነው።

ካቢኖቹ የአየር ማቀዝቀዣ የላቸውም። ይህ ከመከፈቱ በፊት ብዙ አከራክሯል። ካቢኑ ሲሄድ ነፋሱ በመስኮቶቹ ክፍተት ስለሚገባ ሙቀቱ ያን ያህል አይከብድም። በቀትር ፀሐይ ሲቆም ግን ነፋሱም አብሮ ይቆማል። አሥር ሰው ተጠጋግቶ ከተቀመጠ ደግሞ የባሰ ነው። ከፍታ የሚያስፈራው ሰውም መስታወቱ ሰፊ፣ መውረጃም በመሐል የሌለ መሆኑን ይወቅ።

ገመድ አየር ላይ እንደ መንገድ አይጠመዘዝም፤ አቅጣጫ መለወጥ ባለበት ቦታ ሁሉ ጣቢያ መሥራት ያስፈልጋል። ወደ ኤፕኮት የሚወስደው መስመር ለመታጠፍ ብቻ የተሠራ፣ ማንም የማይወርድበት ጣቢያ ያለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አንዴ ከተዘረጋ ወደ ሌላ ሠፈር ላዙረው ቢሉ አይሆንም። ስካይላይነር የሚያደርሰው ከአራቱ ፓርኮች ወደ ሁለቱ፣ ወደ ኤፕኮትና ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ነው። ልጆች አብዝተው ወደሚጠይቁት ማጂክ ኪንግደም አይሄድም፤ ወደ አኒማል ኪንግደምም እንዲሁ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሻገርም ካሪቢያን ቢች ላይ ወርዶ እንደገና መሰለፍ ያስፈልጋል።

ጎንዶላ የመዝናኛ ፓርክ ጌጥ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በቦሊቪያ ላ ፓዝና ኤል አልቶን የሚያገናኘው፣ በ2014 ሥራ የጀመረው የገመድ ትራንስፖርት ሠራተኛውንና ተማሪውን በየቀኑ ያመላልሳል። በእስራኤል ሃይፋ በ2022 የተከፈተው ደግሞ ከታች ካለው የአውቶቡስና የባቡር ጣቢያ ተነስቶ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እስካሉት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ እስከ ቴክኒዮንና ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ፣ ይወጣል። ሁለቱንም የገነባው ያው ዶፔልማየር ነው። በእነዚህ ከተሞች ተራራው ራሱ ገመድ ይጠይቃል። ፍሎሪዳ ግን ሜዳ ናት፤ እዚያ ገመዱ የሚሻገረው ተራራ ሳይሆን ሐይቅ፣ መንገድና የመኪና መጨናነቅ ነው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ፦ የምትጎበኙት በአብዛኛው ኤፕኮትንና ሆሊውድ ስቱዲዮስን ከሆነ ጣቢያ ያለውን ሆቴል ምረጡ፤ ትርፍ አለው። ቀናችሁ የሚያልፈው ማጂክ ኪንግደም ከሆነ ግን ለጎንዶላው ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ጉዟችሁ በጃንዋሪ የሚውል ከሆነ መስመሩ ለዓመታዊ ጥገና ለቀናት የሚዘጋው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ውሃ ያዙ። ካቢኑ ውስጥ መጸዳጃ የለምና ከመሳፈራችሁ በፊት ልጆቹን ሽንት ቤት አድርሷቸው።